ምዕራፍ አምስት፦ ጸጥ ያለው ጨቅላ

አራስ ጥየቃ የገባ እንግዳ ልጁ አንዴም ሳያለቅስ ቢያየው «እንዴት ያለ ጨዋ ልጅ ሰጣችሁ!» ብሎ መርቆ ይወጣል። ምርቃቱ ደግ ነው፤ ቤተሰቡም ደስ ይለዋል። ብዙ ጊዜም ልክ ነው፤ ጠግቦ የተኛ ልጅ ጸጥ ይላል። ይህን ምዕራፍ የምጽፈው ምርቃቱ ልክ ስላልሆነባቸው ቀናት ነው። የሁለት ዓመት ልጅ ሲታመም ያለቅሳል፣ ይነጫነጫል፣ ቤቱን ሁሉ ይረብሻል። አንድ ወር ያልሞላው ጨቅላ ግን ተሕዋስ ደሙ ውስጥ ሲገባ አብዛኛውን ጊዜ ተቃራኒውን ያደርጋል። ጡት ይተዋል፣ እንቅልፍ ያበዛል፣ ይዝላል፣ ለቅሶው ይሰልላል። ትኩሳት እንኳ ላይኖረው ይችላል፤ አንዳንዱ ጭራሽ ይቀዘቅዛል።

የዚህ ምክንያቱ የመከላከያ ኃይሉ ገና አለመጠንከሩ ነው። በትልቅ ሰው አንድ ቦታ ተወስኖ የሚቀር ኢንፌክሽን በጨቅላው ላይ በሰዓታት ውስጥ ወደ ደም፣ ከደም ወደ አንጎል ሽፋን ሊዘልቅ ይችላል። ሙቀቱን አስተካክሎ መያዝም ገና አልቻለበትም። ያለችውን ጥቂት ጉልበት ለትንፋሽና ለልብ ምት ያውላታል፤ ቀድሞ የሚተወው ብዙ ጉልበት የሚጠይቀውን ሥራ፣ መጥባትን ነው። ከሐኪም በፊት፣ ከመሣሪያም በፊት እናት በጡቷ የምታውቀው ለዚህ ነው። ትናንት አጥብቆ ይስብ የነበረው ልጅ ዛሬ ጡቱን አፉ ውስጥ ይዞ ዝም ካለ፣ ወይም ሊጠባ ጀምሮ ወዲያው ከደከመው፣ ያ ምልክት ራሱን ችሎ ወደ ሐኪም ያስኬዳል።

በ2022 (በዚህ ምዕራፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በዓለም ላይ 2.3 ሚሊዮን ያህል ሕፃናት አንድ ወር ሳይሞላቸው ሞተዋል። ከእንዲህ ያሉ ሞቶች ሦስት አራተኛው ያህል የሚደርሰው በመጀመሪያው ሳምንት ነው። በኢትዮጵያ የ2016ቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በሕይወት ከተወለዱ 1000 ሕፃናት 29ኙ በመጀመሪያው ወር እንደሚሞቱ አሳይቷል። በአማራ ክልል ቁጥሩ 47 ነበር። በእስራኤል ሙሉውን የመጀመሪያ ዓመት ብንወስድ እንኳ ከ1000 ሦስት ገደማ ነው። ከጎንደር ገጠር ተነሥቶ እስራኤል ውስጥ አፉላ የገባ የቤተ እስራኤል (የኢትዮጵያ አይሁድ) ቤተሰብ በአንድ ትውልድ ውስጥ ከአንዱ ቁጥር ወደ ሌላው ተሻግሯል። አብሮት ያልተሻገረው ነገር ምንድን ነው? የዚህ ምዕራፍ ጥያቄ እሱ ነው።

አፉላ በኢዝራኤል ሸለቆ መካከል ያለች፣ በ1925 የተቆረቆረች ከተማ ናት። የክላሊት ጤና መድን የሚያስተዳድረው ሃዔመቅ ሆስፒታል ከ1930 ጀምሮ እዚያው ነው። በ1984 እና በ1985 በሱዳን በኩል በዘመቻ ሙሴ የመጡ፣ ከዚያም በግንቦት 1991 በዘመቻ ሰለሞን ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን የተጫኑ ብዙ ቤተሰቦች ኑሯቸውን በአፉላና በጊቭዓት ሃሞሬ ሰፈሮች መሥርተዋል። በዘመቻ ሰለሞን 36 ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ከ14,000 በላይ ሰው ተጓጉዟል፤ በጉዞው መሃል የተወለዱ ሕፃናትም ነበሩበት። ዛሬ ከእነዚህ ሰፈሮች ሆስፒታሉ በመኪና የደቂቃዎች መንገድ ነው። የእናቶችና ሕፃናት ጤና ጣቢያው፣ ሁሉም «ጢፓት ሐላቭ» የሚለው፣ ክትባት ይሰጣል፣ ክብደት ይመዝናል፣ እድገት ይከታተላል። የብሔራዊ መድን የወሊድ ድጎማ በሆስፒታል ከመውለድ ጋር የተያያዘ ስለሆነ ቤት የሚወለድ ልጅ እምብዛም የለም። ከ1995 ጀምሮ ደግሞ በብሔራዊ የጤና መድን ሕግ መሠረት ነዋሪ ሁሉ ከአራቱ የጤና መድን ድርጅቶች (ኩፓት ሖሊም) በአንዱ ታቅፏል። መንገዱ፣ ሐኪሙና መድኃኒቱ ሁሉም አለ ማለት ነው።

በጎንደር በኩል በቤተ እስራኤል መንደሮች ወላዷ የምትቆየው ከቤት ተለይታ ነበር። ምጥ ሲይዛት ወደ መርገም ጎጆ ትገባለች፤ ወንድ ከወለደች ሰባት ቀን፣ ሴት ከወለደች አሥራ አራት ቀን እዚያ ትቆያለች። ከዚያ ወደ አራስ ጎጆ አልፋ የቀረውን ቀን ትጨርሳለች፤ ድምሩ እንደ ኦሪት ዘሌዋውያን ሥርዓት ለወንድ 40፣ ለሴት 80 ቀን ነው። በክርስቲያን ጎረቤቶቻቸውም ዘንድ የክርስትናው ቀን ያው 40 እና 80 ነው፤ አራሷም እስከዚያ ከቤት እምብዛም አትወጣም።

ይህን ሥርዓት እንደ ኋላ ቀርነት የሚያዩ ጽሑፎች አንብቤያለሁ፤ አልስማማባቸውም። ሥርዓቱ ሴቲቱን ከእርሻ፣ ከወፍጮና ከውሃ መቅዳት አሳርፏታል። ሌሎች ሴቶች ገንፎና አጥሚት ያመጡላታል። ልጇ ከጡቷ አይለይም፣ እሳት ዳር ይሞቃል። ዛሬ ሐኪሞች ለጨቅላ የሚመክሩት ሙቀትና ቶሎ ቶሎ ማጥባት በጎጆዋ ውስጥ ነበር። ችግሩ የቀናቱ ግጥምጥሞሽ ነው። ጨቅላ በብዛት የሚሞትባቸው 28 ቀናት ሙሉ በሙሉ በ40ው ውስጥ ይወድቃሉ። ልጁን የምታየው እናት ውስጥ ናት፤ በቅሎውን የሚጭነው፣ ገንዘቡን የሚያወጣው፣ «እንሂድ» የሚለው ሰው ውጭ ነው። በዚያ ዘመን የሚሄዱበት ጤና ጣቢያም በአብዛኛው አልነበረምና ልማዱ ብዙ አላስቀረባቸውም ይሆናል። አፉላ ላይ ጎጆው የለም፤ አርባው ቀን ግን በብዙ ቤት አለ። አሁንም ጨቅላን ይዞ መውጣት «ይበርደዋል፣ ዓይን ይገባዋል» ያሰኛል።

እዚህ ላይ ሌላም የቀን ግጥምጥሞሽ አለ። በእስራኤል ሆስፒታሎች እናትና ልጅ በጤና ከሆኑ በሁለት ሦስት ቀን ይሸኛሉ። የሕፃናት ቢጫነት ከፍ የሚለው ግን ከሦስተኛው እስከ አምስተኛው ቀን ባለው ጊዜ ነው፤ ወላዷ ቤት ገብታ ሶፋ ላይ ጋደም ባለችበት፣ ቡና በሚፈላበትና ዘመድ በሚጎርፍበት ሰዓት ማለት ነው።

ስለ ቢጫነት ረዘም አድርጌ ልናገር፤ ምክንያቱም የእኛን ልጆች በተለይ የሚነካ ጉዳይ አለበት። ከተወለዱ ሕፃናት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ጥቂት ቢጫ ይሆናሉ። አሮጌ ቀይ የደም ሴል ሲፈርስ ቢሊሩቢን የሚባል ቢጫ ቀለም ይወጣል፤ የጨቅላው ጉበት ገና ቶሎ አያስወግደውም። አብዛኛው በራሱ ይጠፋል። መጠኑ ከልክ ሲያልፍ ግን አንጎል ውስጥ ገብቶ የማይመለስ ጉዳት ያደርሳል፤ መስማትንና የሰውነት እንቅስቃሴን ይነካል። በጊዜ ከተደረሰበት ሕክምናው ቀላል ነው፦ ልጁን ሰማያዊ ብርሃን ሥር ማስተኛት። ቤት ውስጥ በመስኮት በኩል ፀሐይ ማሞቅ ግን ምትክ አይሆነውም፤ እናቶቻችን ጠዋት ጠዋት ልጅ ፀሐይ ማሞቅ ስለሚወዱ ይህን ማለት ግድ ነው።

ጉዳዩ ይህ ነው፦ መማሪያ መጻሕፍት «ቆዳው ቢጫ ይሆናል» ይላሉ፤ የጻፉትም አብዛኛውን ጊዜ ነጭ ሕፃን እያዩ ነው። በጠይም ወይም በጥቁር ቆዳ ላይ ቢጫነቱ ይደበቃል። በ2023 በእንግሊዝ ይፋ የሆነ አንድ ግምገማ ቢጫነትንና የኦክስጅን እጥረትን በቆዳ ቀለም መፈተሽ ጥቁር ሕፃናትን እንደሚጎዳ አመልክቷል። የእኛ እናት ማየት ያለባት ሌላ ቦታ ነው። ልጁ ዓይኑን ሲገልጥ ነጩን የዓይኑን ክፍል፣ ከንፈሩን ገለጥ አድርጋ ድዱን፣ ከዚያ መዳፉንና የእግሩን ውስጥ ትይ። ይህም በመስኮት አጠገብ፣ በቀን ብርሃን ይሁን፤ የመብራት ብርሃን ያሳስታል። መዳፉና ውስጥ እግሩ ቢጫ ከሆነ፣ ወይም ቢጫነቱ በተወለደ በ24 ሰዓት ውስጥ ከታየ ቀጠሮ አይጠበቅም። የኦክስጅን እጥረትንም በተመለከተ እንዲሁ ነው፤ ኦክስጅን ያነሰው ጠይም ልጅ ፊቱ ላይ ሰማያዊ ላይታይበት ይችላል፤ ምላሱና ድዱ ግን አይዋሹም። ነርሷ ፊቱን ብቻ አይታ «ደህና ነው» ካለች «እባክሽ ድዱንና መዳፉን እይልኝ፤ ቢሊሩቢኑም ይለካልኝ» ማለት ነውር አይደለም።

ሌላው በቅርብ መታየት ያለበት ትንፋሽ ነው። የጨቅላ ትንፋሽ ወጥ አይደለም። ይፈጥናል፣ ቀስ ይላል፣ አንዳንዴ ለጥቂት ሰኮንዶች ቆም ብሎ እንደገና ይጀምራል፤ ይህ ጤነኛ ነው። ስለዚህ ለአሥር ሰኮንድ ቆጥሮ በስድስት ማባዛት ያሳስታል። ልጁ ሲረጋጋ ልብሱን ከሆዱ ገልጦ፣ ሰዓት ይዞ፣ ሆዱ አንዴ ከፍ ባለ ቁጥር አንድ እያሉ ሙሉ አንድ ደቂቃ መቁጠር ነው። 60 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ይደገማል፤ ሁለተኛውም እንዲሁ ከሆነ መሄድ ነው። ቆጠራው እየተካሄደ ዓይን ከጎድን አጥንቱ በታች ይረፍ፤ ሲተነፍስ ያ ቦታ ወደ ውስጥ በኃይል የሚሰረጉድ ከሆነ፣ ወይም የሚያቃስት ድምፅ ካለ ልጁ አየር ለማግኘት እየታገለ ነው።

የቀሩትን ፈጠን ብዬ አልፋለሁ፤ ብዙዎቹን እናቶች ያውቋቸዋል። ማንቀጥቀጥ ወይም ዓይን መፍጠጥ፣ ሲነካኩት ካልሆነ አለመንቀሳቀስ፣ የእትብት ዙሪያ መቅላትና መግል፣ እንደ ቅጠል አረንጓዴ የሆነ ትውከት። ሁለት ሳምንት አልፎት ቢጫ የሆነና ሰገራው እንደ ኖራ የነጣ ልጅ የሐሞት መተላለፊያው ተዘግቶ ሊሆን ይችላል፤ ቀዶ ሕክምናው ሁለት ወር ሳይሞላው ቢደረግ ውጤቱ የተሻለ ስለሆነ መዘግየት አይገባም። ትኩሳትን በሚመለከት የዓለም ጤና ድርጅት በብብት 37.5 እና ከዚያ በላይ የሆነውን እንደ አደጋ ምልክት ይቆጥረዋል። የእስራኤል ሐኪሞች አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቁት በፊንጢጣ የተለካ 38 ዲግሪን ነው። ከ35.5 በታች መውረዱም እኩል አስጊ ነው። በኢትዮጵያ በእናቶች መካከል የተደረጉ ጥናቶች ትኩሳትን የሚጠቅሱት ብዙ፣ ቅዝቃዜን የሚጠቅሱት ጥቂት እንደሆኑ ደጋግመው አሳይተዋል። ሲነካ የቀዘቀዘ ልጅ ጋቢ ይደረብለታል፤ ጋቢ ለብሶ፣ ከእናቱ ደረት ጋር ተጣብቆም ካልሞቀ ግን ሐኪም ይፈልጋል። ትኩሳት ላለው ጨቅላ ደግሞ ሐኪም ሳያየው አካሞል (ፓራሲታሞል) መስጠት ምልክቱን ይደብቃል እንጂ ሕመሙን አያድንም።

ይህን ሁሉ ማወቅ ግን ብቻውን ልጅ አያድንም። በ1994 ታዴየስና ሜይን የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች የእናቶችን ሞት ሲያጠኑ መዘግየትን በሦስት ከፍለው አሳዩ፦ ለመሄድ በመወሰን፣ በመድረስ፣ ከደረሱም በኋላ ሕክምና በማግኘት። ለጨቅላም ይኸው ይሠራል። በኢትዮጵያ ገጠር ሦስቱም ከባድ ናቸው። አፉላ ላይ ሁለተኛው ከሞላ ጎደል ጠፍቷል። የቀረው የመጀመሪያው ነው፤ ሦስተኛውም በቋንቋ በኩል ገባ ይላል።

ዓርብ ማታ ነው እንበል። ሻማው በርቷል፣ ዳቦው ተባርኳል። ወላዷ እዚሁ አድጋ በዕብራይስጥ የተማረች፣ የመጀመሪያ ልጇን የወለደች ናት። አያትየው ስምንት ወልዳ ሁለቱን የቀበረች፣ ዕብራይስጥ የማትችል ናት። ልጁ ከቀትር ጀምሮ አልጠባም። አያት ዘጠኝ ቀን የሆነውን ልጅ አቅፋ ታየዋለች፤ «ይሄ ልጅ ዛሬ አላማረኝም» ትላለች። ወላዷ ስልኳን ከፍታ ታነባለች፣ አንዱ ጽሑፍ ያስፈራራታል፣ ሌላው ያጽናናታል። ባል «ጠዋት ድረስ እንየው» ይላል። አማት በስልክ «እንጥሉ ወርዶ ይሆናል» ትላለች። ሁሉም ልጁን ይወዱታል። ሌሊቱ የሚያልፈው ግን እንዲህ ነው።

በዚህ ቤት ውስጥ ዓይንና አንደበት ተለያይተዋል። አያት ብዙ ጨቅላ አይታለች፤ የታመመ ልጅ መልክ ታውቃለች፤ ለነርስ ግን መንገር አትችልም። ወላዷ ትናገራለች፤ ያላየችውን ግን አታውቅም። የአያት «አላማረኝም» ዋጋ አለው፤ ወላጅ «ይህ ልጅ እንደ ወትሮው አይደለም» ማለቱን ጥሩ የሕፃናት ሐኪም እንደ ምልክት ይወስደዋል። መተርጎም ያለበት ወደታየው ነገር ነው፦ ዕድሜው ዘጠኝ ቀን፣ መጨረሻ የጠባው በስንት ሰዓት፣ ዳይፐሩ መጨረሻ የረጠበው መቼ፣ ሙቀቱ ስንት። እንጥል ማስቆረጥ፣ የወተት ጥርስ ማስነቀል፣ ቅንድብ መብጣት ደግሞ በዚህ ዕድሜ ደም መፍሰስንና መመረዝን የሚጨምር ነገር ነው። ይህን ለአማት ማስረዳት የወላዷ ብቻ ሥራ መሆን የለበትም፤ ባልም ይናገር።

ሰንበትን በሚመለከት ማመንታት አያስፈልግም። ቤተ እስራኤል ሰንበትን ያከበሩበት ጥብቅነት የታወቀ ነው፤ እሳት አይነድም፣ መንገድ አይኬድም። አረጋውያን ዛሬም ዓርብ ማታ መኪና ማስነሣት ይከብዳቸዋል። በአይሁድ ሕግ ግን ነፍስ ማዳን ሰንበትን ይሽራል፤ የሚያስፈልገውም የሞት እርግጠኝነት አይደለም፣ ጥርጣሬ ይበቃል። አንድ ወር ያልሞላው ትኩሳት ያለው ልጅ ይህን ጥርጣሬ ያሟላል። ቄስ ወይም ረቢ ለመጠየቅ ቅዳሜ ማታ ድረስ አይጠበቅም። አውቶቡስ በሰንበት ስለማይኖር፣ መኪና የሌለው ቤት 101 ደውሎ አምቡላንስ ይጥራ።

ስለ ማመን ሳልናገር ባልፍ ታሪኩ ጎደሎ ይሆናል። በ1996 ከኢትዮጵያ የመጡ ሰዎች የለገሱት ደም በስውር ሲጣል እንደነበር ታውቆ ማኅበረሰቡ በኢየሩሳሌም አደባባይ ወጥቷል። በጥር 2013 ደግሞ የጤና ሚኒስቴር ዋና ዳይሬክተር ሐኪሞች ከኢትዮጵያ ለመጡ ሴቶች ይሰጥ የነበረውን የወሊድ መከላከያ መርፌ ሴቲቱ ጉዳዩን እንደተረዳች ካላረጋገጡ እንዳያድሱ መመሪያ ሰጥተዋል። እነዚህን የሚያስታውስ ቤተሰብ ሐኪም ቤት በር ላይ ሲደርስ ልቡ ቢጠራጠር አልወቅሰውም። ማመን የሚመለሰው በተግባር ነው፤ ጥሩ ጅማሮዎችም ነበሩ። በ1990ዎቹ መጨረሻ «ሬፉዓ ሽሌማ» በተባለው ፕሮግራም አማርኛ የሚናገሩ አገናኞች በክሊኒኮች ውስጥ በሐኪሙና በሕመምተኛው መሃል መቆም ጀመሩ። በ2011 ሚኒስቴሩ ያወጣው መመሪያ ደግሞ የጤና ተቋማት ሕመምተኛን በሚገባው ቋንቋ እንዲያስተናግዱ ያስገድዳል። ስለዚህ አያት «አስተርጓሚ አምጡልኝ» ስትል መብቷን ነው የምትጠይቀው። የአሥር ዓመት የልጅ ልጅ ጎትቶ ማስተርጎም ለልጁም፣ ለሕክምናውም መጥፎ ነው።

ከዚህ ጋር አንድ ሩቅ አገር ማሳየት እወዳለሁ። በሕንድ ጋድቺሮሊ ወረዳ አብሃይና ራኒ ባንግ የተባሉ ባልና ሚስት ሐኪሞች የመንደር ሴቶችን አሠለጠኑ። ሴቶቹ አራሶችን ቤት ለቤት እየዞሩ ጨቅላውን ይመዝናሉ፣ ትንፋሹን ይቆጥራሉ፣ ከታመመም መድኃኒት ይሰጣሉ። በ1999 ያወጡት ውጤት የጨቅላ ሞት ከግማሽ በላይ እንደቀነሰ አሳየ። ኢትዮጵያም በ2003 የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራሟን ጀመረች፤ ከ2013 ወዲህ ደግሞ ሪፈር ማድረግ ሲያቅት ባለሙያዋ እዚያው ቀበሌ ውስጥ ለጨቅላው የጄንታማይሲን መርፌና የአሞክሲሲሊን መድኃኒት ለሰባት ቀን እንድትሰጥ ተፈቀደ። የሁለቱም ሐሳብ እናቲቱ እስክትመጣ ከመጠበቅ ይልቅ ወደ አራሷ መቅረብ ነው። ለአርባ ቀን ቤቷ ለምትቆይ እናት ከዚህ የተሻለ መንገድ አላውቅም። አፉላም ላይ አማርኛ የምትናገር ነርስ በአምስተኛው ቀን በር ብታንኳኳ፣ አያትን ቁጭ አድርጋ ብታነጋግር፣ ልጁን በመስኮት ብርሃን ብታየው ከብዙ በራሪ ወረቀት ይበልጣል ብዬ አምናለሁ።

በመጨረሻ ሚዩን (የሆስፒታሉ ድንገተኛ ክፍል) ከደረሱ በኋላ ምን እንደሚሆን ልንገር፤ ብዙ ቤተሰብ የሚፈራው ይህን ነውና። ትኩሳት ያለው አንድ ወር ያልሞላው ጨቅላ መልኩ ደህና ቢመስልም አብዛኛውን ጊዜ ይተኛል። ደምና ሽንት ይወሰድለታል፤ ከወገቡ ላይ በቀጭን መርፌ ጥቂት ፈሳሽም ይቀዳል። ይህ የመጨረሻው «ሽባ ያደርጋል» የሚል ወሬ የሚነገርበት ነው። መርፌው የሚገባው ግን ሕብለ ሰረሰሩ ካለቀበት በታች ነው፤ ማጅራት ገትር መኖር አለመኖሩም በሌላ መንገድ በእርግጠኝነት አይታወቅም። እንቢ ከማለት በፊት «ለምን? ከየት ላይ? ምን ትፈልጋላችሁ?» ብሎ በአማርኛ መጠየቅና መልሱን በአማርኛ መስማት ይገባል። ወዲያው አንቲባዮቲክ በደም ሥር ይጀመራል፤ ምርመራው ተሕዋስ ያበቅል እንደሆነ ለማየት ከአንድ ቀን ተኩል እስከ ሁለት ቀን ይፈጃል። ካልበቀለና ልጁ ከተሻለው መድኃኒቱ ይቆማል። እናት በእነዚያ ቀናት ከልጇ ጎን ትሁን፤ መጥባት ካቃተውም ወተቷ እንዳይደርቅ በየሁለት ሦስት ሰዓቱ ትለብ፤ መሣሪያውን ከዋርዱ ነርስ ትጠይቅ።